መስኮትህን ሳታውቅ መጋረጃ አትግዛ

ልጄ፣ እንኳን ለራስህ ቤት አበቃህ። «ጋሼ፣ ዜብራ ብላይንድ ልግዛ ወይስ መጋረጃ ላሰፋ?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ጻፍኩልህ። ዕድሜዬን መጋረጃ ስቆርጥ፣ ስሰፋና ስሰቅል የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከጨርቅም ከብላይንድም ጋር ጠብ የለኝም። የማይገባኝ ሰው ሱቅ ገብቶ ዓይኑ የወደደውን ከከፈለ በኋላ ስለ መስኮቱ ማሰብ መጀመሩ ነው። ሱቅ ውስጥ የተሰቀለ ሁሉ ያምራል፤ መብራቱ ከፊት ለፊት ነዋ የሚበራበት። ቤትህ ስትሰቅለው ብርሃኑ ከጀርባው ይመጣል፤ ቀለሙም ሽመናውም ሌላ ሆኖ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ምክሬን ከመርካቶ ሳይሆን ከባዶው ቤትህ ልጀምር።

1. መጀመሪያ ጸሐይዋን ተከታተል።

ዕቃ ከማስገባትህ በፊት አንድ ቅዳሜ እዚያው ቤት ዋል። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ከዚያም 10 ሰዓት ላይ ጸሐይዋ በየትኛው መስኮት ገብታ ወለሉ ላይ የት ድረስ እንደምትደርስ በጠመኔ ምልክት አድርግ። አልጋው፣ ሶፋውና ቴሌቪዥኑ የሚቀመጡበትን አስብና ምልክቱ የት ላይ እንዳረፈ እይ። እኔ ደንበኛ ቤት ስጠራ ከጨርቅ በፊት የምጠይቀው «ጠዋት በየት በኩል ትገባለች?» ብዬ ነበር፤ መልሱን የሚያውቀው የቤቱ ጌታ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ቤት የምትውለዋ ሠራተኛ ነበረች።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት የቀትር ጸሐይ ከነሐሴ መጨረሻ አንስቶ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን። የሰሜኑ ጊዜ አብዛኛው ክረምት ስለሆነ ደመና ይጋርዳታል። እንግዲህ ሰሜን የሚያየው መስኮትህ በጸሐይ የሚቸገረው ግንቦት አካባቢ ነው፤ ለእሱ ወፍራም ነገር አትግዛለት፣ ስስ መጋረጃ ይበቃዋል። ደቡብ የሚያየው ግን በጋውን ሙሉ ጸሐይ ያገኛል። ታኅሣሥ ላይ በቀትር ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍታ ላይ ስለምትሆን ወደ ክፍሉ ትዘልቃለች። ይህን እንደ ችግር አትቁጠረው፤ በብርድ ወቅት በነጻ የምታገኘው ማሞቂያ ነው።

የሚያስቸግሩት ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው። በእነዚህ በኩል ጸሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ስለምትመታ በረንዳም የጣሪያ ክፈፍም አያስጥልም። መኝታ ቤትህ ወደ ምሥራቅ ከሆነ ጎሕ ሲቀድ ዓይንህ ላይ ናት። ሳሎንህ ወደ ምዕራብ ከሆነ ከ9 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ የምታየው የራስህን ፊት ነው።

2. ለቆላ የተሰጠ ምክር ለደጋ አይሆንም።

ዱባይና ሪያድ ያሉ ዘመዶችህ «ብርሃን የማያሳልፍ ብላክአውት አድርግ፣ ሙቀቱን ይከላከልልሃል» ይሉሃል። እውነታቸውን ነው፤ ለእነሱ አገር። አንተ ያለኸው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ የኮንዶሚኒየም መስኮት ደግሞ ነጠላ መስታወት በኤልቲዜድ ብረት የታቀፈ ነው። ብርዱ በመስታወቱም በብረቱም በክፍተቱም ይገባል። ላንተ ወፍራም መጋረጃ የማታ ጋቢ ነው፤ ቀን ገልጠህ ጸሐይዋን ታስገባለህ፣ ማታ 12 ሰዓት ሳያልፍ ትዘጋዋለህ።

የሚሠራው ግን በደንብ ሲገጥም ነው። መስታወት የነካ አየር ይቀዘቅዝና ይከብዳል፣ ወደ ታችም ይወርዳል። መጋረጃው ከታች ካጠረና ዘንጉ ከግድግዳው ከራቀ ያ ቀዝቃዛ አየር በሥር እየወጣ እግርህን ይበላሃል፤ በላይ በኩል ደግሞ የክፍሉ ሙቅ አየር ይተካዋል። ስለዚህ ዘንጉን ወደ ግድግዳው አስጠጋ፣ ጎኑ ግድግዳ ይንካ፣ ጫፉ ወለሉ አጠገብ ይድረስ። ሮለር የሚባለው ብላይንድም ዜብራም ለዚህ ሥራ አልተፈጠሩም፤ ግራና ቀኛቸው ክፍት ነው።

ቤትህ ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ቢሆን ኖሮ የምነግርህ ሌላ ነበር። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ያሉትን የድሮ ቤቶች ልብ ብለህ አይተህ እንደሆነ የእንጨት መዝጊያቸው ከመስታወቱ በውጭ ነው። ጸሐይ መስታወቱን ሳታልፍ ከተያዘች ሙቀቷም ደጅ ይቀራል። አንዴ አልፋ ጥቁር መጋረጃ ላይ ካረፈች ግን መጋረጃው ራሱ ይግልና ክፍሉን ያሞቀዋል። ለቆላ የውጭ መዝጊያ ወይም ጥላ ይቀድማል፤ እሱ ካልተቻለ ጀርባው ነጭ የሆነ መጋረጃ፣ የመጣበትን ብርሃን ከፊሉን መልሶ በመስታወቱ ስለሚያስወጣው።

3. ማታ መብራቱን አብርተህ ደጅ ውጣ።

ከዚያ ወደ ላይ አንጋጥጠህ የራስህን መስኮት እይ። ኮንዶሚኒየም ብሎክና ብሎክ ምን ያህል ተጠጋግቶ እንደሚሠራ ታውቃለህ፤ ፊት ለፊትህ ያለው ጎረቤት የእራትህን ወጥ ቀለም ሊለይ ይችላል። ስስ መጋረጃ ቀን የሚሰውርህ ደጁ ከቤትህ ይበልጥ ብሩህ ስለሆነ ብቻ ነው። ማታ ብርሃኑ ወደ ውስጥ ይዞራል፣ ስሱም እንደሌለ ይሆናል። መስታወት ላይ የሚለጠፈው አንጸባራቂ ፊልምም እንዲሁ ነው፤ ቀን መስታወት መስሎ ይሰውርሃል፣ ማታ ያጋልጥሃል። ፊልም ለጥፈው መጋረጃ ያልሰቀሉ አዲስ ሙሽሮች አውቃለሁ፤ ነገሩን ያወቁት ጎረቤት ሰላምታ ሲሰጣቸው እያፈረ አንገቱን ሲደፋ ነው።

4. ገንዘብህን ሳሎን ላይ አትጨርስ።

ይህ የአገራችን በሽታ ነው፤ እኔም በዚሁ እንጀራዬን ስለበላሁ ላማው አይገባም ነበር፣ ግን ልንገርህ። ለእንግዳ ነው የምንሰፋው። ሳሎኑ ስስ መጋረጃ፣ በላዩ ከፋይ፣ ከዚያ በላይ ዘርፍ ያለው ጌጥ፣ በጎን የወርቅ ቀለም ማሰሪያ ይደረብለታል። መኝታ ቤቱ ግን ውስጡን ለቄስ ነው፤ የአልጋ ልብስ በምስማር ተመትቶ ዓመት ይቀመጣል። ሰውየው በሳምንት አንዴ ለሚመጣ እንግዳ ሦስት ድርብ ሰቅሎ፣ በየቀኑ የሚተኛበት ክፍል ጸሐይ እየቀሰቀሰው ይነጫነጫል።

አንተ ገልብጠው። መጀመሪያ መኝታ ቤት፣ በተለይ ምሥራቅ የሚያየውን ጨርስ። እዚያ ሁለት ነገር ይደረብ፦ ከመስታወቱ በኩል ብላክአውት ሮለር፣ በላዩ ገበር ያለው መጋረጃ። ሮለሩ ጨለማውን ይሰጥሃል፣ መጋረጃው ሮለሩ በጎን የሚያሾልከውን ብርሃንና የሌሊቱን ብርድ ይይዛል። ሳሎኑ ለጊዜው በስስ መጋረጃና ባንድ ድርብ ይቆይ፤ ገንዘብ ሲመጣ ይጨመርለታል። እናትህ «ሰው ምን ይላል» ብትል እኔ እንዳልኩህ ንገራት፣ ከእኔ ጋር ትጨርሰው።

5. ብላይንድ ሁሉ አንድ አይደለም።

ዜብራ በሁለት ድርብ የሚወርድ ጨርቅ ነው፤ አንዴ ስስ፣ አንዴ ድፍን መስመር ይፈራረቅበታል። ሰንሰለቱን ስትስብ ድፍኑ ከድፍኑ ሲገጥም ብርሃን ይገባል፣ ድፍኑ የሌላውን ስስ ሲሸፍን ይጋርዳል። ቀን ላይ ብርሃን ለመቆጣጠር እንደሱ የሚመች የለም፤ ለሳሎን ወይም ለምታነብበት ክፍል ግዛው። «ሙሉ በሙሉ ያጨልማል» ካሉህ ግን አትመን፤ ሲዘጋም በመስመሮቹ መገናኛ ቀጭን ብርሃን ያሾልካል። ለመኝታ ቤት ብቻውን አይበቃም። አቧራም ሲይዘው እንደ መጋረጃ አውርደህ ባልዲ ውስጥ አትነክረውም።

ሮለር ከሁሉም ቀላሉና የማያስቸግረው ነው። ጨርቁ ሦስት ዓይነት ነው፦ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ምንም የማያሳልፍና «ሰንስክሪን» የሚሉት ወንፊታማው። ወንፊታማው የቀዳዳው ስፋት 1፣ 3፣ 5 ወይም 10 በመቶ እየተባለ ይሸጣል። ምዕራብ ለሚያየው ሳሎን የምመክርህ ይህንን ነው፤ 5 በመቶ ሆኖ ጠቆር ያለ ቀለም ቢሆን ነጸብራቁን ይገድለዋል፣ ደጁም ይታይሃል። ነጣ ያለው ሙቀት በመመለስ ቢሻልም ጸሐይ ሲመታው ራሱ ያብረቀርቃል። ማታ ግን ወንፊቱ በሦስተኛው ላይ እንዳልኩህ ነው፤ ከጎኑ የሚዘጋ መጋረጃ ያስፈልገዋል።

ወደ ጎን የሚነጠፈው የአልሙኒየም ቅጠል ብላይንድ ብርሃኑን ወደ ኮርኒሱ መልሶ ዓይን ሳይወጋ ክፍሉን የሚያበራ ብልህ ነገር ነው። ችግሩ አቧራው ነው። ከተማዋ እየፈረሰች እየተሠራች ነው፤ እያንዳንዱን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ የሚጠርግልህ ሰው አለህ? ከሌለህ ተወው። ቁልቁል የሚንጠለጠለው ቨርቲካል ለቢሮ ይሁንለት፤ ሰፊ የበረንዳ በር ካለህ ብቻ አስበው።

ኩሽና ውስጥ የቁሌት እንፋሎትና አቧራ ሲገናኙ ሙጫ ይሆናሉ። እዚያ ዜብራ የሰቀለ ሰው በዓመቱ ይጥለዋል። የመስኮቱን የታች ግማሽ ብቻ የሚሸፍን የጥጥ መጋረጃ አሰፋ፣ ከዕቃ ማድረቂያ ጨርቅህ ጋር ይታጠባል፤ ከምድጃው ግን ይራቅ። ለመታጠቢያ ቤት ፕላስቲክ ወይም አልሙኒየም፤ እንጨት በእርጥበት ይጣመማል።

ለበረንዳ የቀርከሃ ብላይንድ ቢሆን ደስ ይለኛል። አገራችን ቀርከሃ ሞልቷታል፣ ባለሙያውም አለ፤ በልክህ ይሠሩልሃል። ከመግዛትህ በፊት ነጭ ወረቀት ላይ አራግፈው፤ ደቃቅ ዱቄት ከወረደ ነቀዝ ገብቶበታል።

6. ልጅ ገና የለኝም ብለህ ስለ ሰንሰለቱ ችላ አትበል።

ይህን በጥሞና አንብብ። ከዜብራውና ከሮለሩ ጎን የሚንጠለጠለው ክብ ሰንሰለት፣ የቅጠል ብላይንዱም ገመድ፣ የሕፃን አንገት ይገባበታል። ሕፃኑ አይጮኽም፤ ትንፋሹ ስለተያዘ ድምፅ የለውም፣ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደኅንነት ኮሚሽን እንደሚለው በዚያ አገር 5 ዓመትና ከዚያ በታች ከሆኑ ሕፃናት በየዓመቱ ዘጠኝ ያህሉ በመስኮት መጋረጃ ገመድ ታንቀው ይሞታሉ። በዚህ ምክንያት ከ2018 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ እዚያ ተዘጋጅቶ ከመደርደሪያ የሚሸጥ ብላይንድ ገመድ አልባ ወይም ገመዱ በእጅ የማይደረስበት እንዲሆን ደረጃው ያዛል። እኛ ጋ የሚገባው አብዛኛው አሁንም ባለ ሰንሰለት ነው።

ገመድ አልባውን፣ የታችኛውን ዘንግ ይዘህ የምትገፋውንና የምትስበውን ዓይነት ካገኘህ ትንሽ ጨምረህም ቢሆን ግዛ። ካላገኘህ ሰንሰለቱን ግድግዳው ላይ ወጥሮ የሚይዝ ማሰሪያ አብሮት ይመጣል፤ ሰቃዩ ቸኩሎ በሳጥኑ ውስጥ ጥሎት ይሄዳል፣ አንተ «የት አለ?» በለው፣ ሳይመታው ሒሳቡን አትጨርስለት። የቅጠል ብላይንድ ገመድ ደግሞ ከወለል 1.5 ሜትር በላይ ይጠምጠም። አልጋ፣ ሶፋ፣ ወንበር ከመስኮቱ ሥር አታስቀምጥ፤ ልጅ ይወጣበታል። የራስህ ልጅ ባይኖርህም የእህትህ ልጆች እሑድ እሑድ እዚያ ናቸው።

በሞተር የሚሠራው ሰንሰለት የለውም፤ ከፈለግህ ባትሪው የሚሞላውን ውሰድ፤ በመብራት ብቻ የሚሠራ ከሆነ መብራት በሄደ ቁጥር መጋረጃህ በቆመበት ይቀራል።

7. ጨርቅ ስትገዛ።

ናሙናውን ሱቁ በር ላይ ውሰደውና ወደ ሰማይ ዘርግተህ እየው። ካልሆነ የስልክህን መብራት ከጀርባው አብራ። ሽመናው የሳሳበት ቦታ፣ የተቋጠረ ክር፣ የቀለም መዘበራረቅ ሁሉ ያን ጊዜ ይታያል። ከዚያ ጭብጥ አድርገህ ጨምቀህ ልቀቀው፤ ጭምድድ ብሎ ከቀረ ስትሰቅለውም እንደዚያው ነው።

ብዛቱን ሻጩ አይንገርህ፣ ራስህ አስላ። መጋረጃ ሽንሽን ያስፈልገዋል፤ ጨርቁ የዘንጉ እጥፍ መሆን አለበት፣ ስሱ ደግሞ እጥፍ ተኩል ቢሆን ያምርበታል። መስኮትህ 1.50 ሜትር ነው እንበል። ዘንጉ በግራና በቀኝ 20 ሳንቲ ሜትር ይለፈውና 1.90 ይሁን። ለወፍራሙ 3.80፣ ለስሱ 4.75 ሜትር ጨርቅ ትገዛለህ፣ የጫፍ እጥፋቱን ጨምረህ። ከዚህ ቀንሰህ የሰፋኸው መጋረጃ ሲዘጋ ይወጠርና አንሶላ ይመስላል። ሌላው የጥቅሉ ስፋት ነው። 2.80 ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ ወርዱ ቁመት ይሆንልሃል፤ በአግድሙ አዙረህ ያለ መገጣጠሚያ ትሰፋዋለህ። 1.40 የሆነው በሜትር ሲረክስ ታየዋለህ፣ ግን እየቆረጥክ ስለምትቀጣጥለው በመጨረሻ ይበልጥ ያስወጣሃል፣ ስፌቱም ጸሐይ ሲያርፍበት እንደ ጠባሳ ይታያል።

ገበር አትቆጥብ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የጸሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እኛ ያለነው ከሁለት ሺህ በላይ ነው። ተራ መስታወት ቆዳ የሚያቃጥለውን ጨረር በአብዛኛው ያስቀራል፤ ቀለም የሚያነጣውን ግን ብዙውን ያሳልፋል። ደቡብና ምዕራብ የሚያይ ቀይ ከፋይ ገበር ከሌለው በጥቂት ዓመት ውስጥ እጥፋቱ ላይ ሮዝ መስመር ያወጣል፣ ሲቀጥል ክሩ ራሱ እየተበላ ሲነካ ይቀደዳል። ነጭ አቡጀዲ ከጀርባው ብትሰፋበት ጸሐይዋ አቡጀዲውን ትብላው። እሱ ሲያረጅ ትቀይረዋለህ፣ ከፋዩ ይተርፋል። አቡጀዲውን ግን መጀመሪያ አጥበህ አድርቀህ ይሁን፤ ያልታጠበ አቡጀዲ ይሰበሰብና መጋረጃውን ከታች ያኮማትረዋል።

የሽሮ ሜዳን የሸማኔ ሥራም አትርሳ። ጥለት ያለው ስስ የጥጥ ጨርቅ ጸሐይ ከጀርባው ስትመጣ ከውጭ አገሩ ፖሊስተር አሥር እጅ ይበልጣል። እሱም ሳይሰፋ ይታጠብ፣ ምክንያቱ ያው ነው።

8. ስትለካ ሦስቴ ለካ።

ማዕዘኑ ቀጥ ያለ መስኮት በእኛ ከተማ ብርቅ ነው። ብላይንዱ መስኮቱ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች በሚሊ ሜትር ለክተህ ትንሹን ያዝ። ሮለር ሲሆን ደግሞ ጨርቁ ከነመያዣው ልኬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር እንደሚጠብ እወቅ፤ ጉድጓድ ውስጥ ብላክአውት ከሰቀልክ በሁለቱ ጎን የብርሃን መስመር ይቀርብሃል። ለዚህ ነው ለመኝታ ቤት ከጉድጓዱ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ፣ በየጎኑ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር አሳልፈህ የምትሰቅለው። ኤልቲዜዱ ላይ ያለው እጀታ ወደ ውስጥ ይወጣል፤ ብላይንዱ ሲወርድ ይነካዋል ወይስ አይነካውም? መስኮቱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነስ ቅጠሉ ዘንጉን ይመታል? በእጅህ ክፈተውና እየው።

መጋረጃው ከወለል አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ወለሉ ላይ የሚጎተተውን ፊልም ላይ አይተህ ይሆናል፤ ቤታችን ግን በየቀኑ በውሃ ይወለወላል።

9. ግድግዳህ ብሎኬት ነው፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ከመስኮቱ አናት ወዲያው ያለው ኮንክሪት ነው፤ ተራ ድሪል አይበሳውም፣ የሚመታው ዓይነት ያስፈልጋል፣ አንዴ ከያዘ ግን አይለቅም። ከዚያ ከፍ ስትል ባዶ ብሎኬት ታገኛለህ፣ ድሪሉ ድንገት ስምጥ ይላል። እዚያ ላይ አጭር ፊሸር መትተህ ገበር ያለው ከፋይ ብትሰቅልበት አንድ ቀን ልጅ ሲስበው ከነልስኑ ይወርዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የዘንጉን ያህል የሚረዝም ጣውላ ባራት አምስት ቦታ በረጅም ፊሸር ግድግዳው ላይ አስረው፣ በግድግዳው ቀለም ቀባው፣ የዘንጉን መያዣ ጣውላው ላይ ምታ። ክብደቱ ይከፋፈላል። ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ ምንም እንዳትሰቅል። ማብሪያና ሶኬት ካለበት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ የኤሌክትሪክ መስመር ስላለ በዚያ አቅጣጫ አትብሳ።

10. ቡናው የሚፈላበትን ቦታ አስብ።

ጭሱ እንዲወጣ ተብሎ ረከቦቱ መስኮት ሥር ይደረጋል፣ ከሰሉም እዚያው ይቀጣጠላል። ስሱ መጋረጃ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው፤ እሳት ሲነካው እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ የሚንጠባጠበውም ይነዳል። ነፋስ ሲገባ ጫፉ ምድጃው ላይ ሲንሳፈፍ ስንት ቤት አይቻለሁ! በዚያ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የመጋረጃ ማሰሪያ መንጠቆ ምታ፤ ቡና ሲቀርብ መጋረጃው ታስሮ ይነሣ፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ ሲበራም እንዲሁ። መስኮቱ ደግሞ ክፍት ይሁን፤ የከሰል ጭስ የማይታየው ነው የሚገድለው። ስሱ በእጣን ጭስ ቢጫ ሲል ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ዘፍዝፈህ አሳድረው፣ በረኪና አትንካው፤ ፖሊስተሩን ይባስ ያበልዘዋል።

11. አሜሪካ ያለችው እህትህ «እኔ እልክልሃለሁ» ብትልህ።

አመስግናት፣ ግን ልኬቱን ሳትልክላት አትግዛ። እዚያ ብላይንድ የሚሸጠው በኢንች ነው፤ 36 ኢንች 91.4 ሳንቲ ሜትር፣ 72 ኢንች 183 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የእኛ መስኮት ከሁለቱ መሃል ይወድቅና ሻንጣ ሙሉ ዕቃ ከአልጋ ሥር ይቀራል። ያገለገለ ዕቃ ከሆነ በተለይ የድሮውን ለስላሳ ፕላስቲክ የቅጠል ብላይንድ አታስገባ። በ1996 እ.ኤ.አ. ከውጭ ይገባ የነበረው የዚያ ዓይነት ብላይንድ እርሳስ እንዳለበትና ፕላስቲኩ በጸሐይ ሲያረጅ እርሳሱ ከአቧራው ጋር እንደሚራገፍ እዚያው አሜሪካ ተደርሶበታል። ሕፃን ነክቶ እጁን ወደ አፉ ሲያደርግ ይበላዋል።

12. ከሱቁ ጋር ስትዋዋል።

መጋረጃ በሜትር፣ ብላይንድ በካሬ ይሸጣል። የመታጠቢያ ቤቷን ትንሽ መስኮት ስታስለካ ዝቅተኛ የካሬ ሒሳብ እንዳላቸው አስቀድመህ ጠይቅ። ዋጋው ዘንጉን፣ መያዣውን፣ ስፌቱንና መስቀያውን ይጨምር አይጨምር በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ቀብድ ክፈል፣ ሙሉውን ግን ሰቅለው አንዴ ከፍተህ ዘግተህ ካየህ በኋላ። ከመረጥከው ጨርቅ የእጅ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቆርጠው ይስጡህና ኪስህ ውስጥ አስቀምጣት፤ ይዘው የመጡትን ከእሷ ጋር ታስተያያለህ።

ሁሉንም መስኮት ባንድ ቀን አታዝዝ። መኝታ ቤቱን አሁን ጨርስ፤ የሳሎኑን ልኬት በወረቀት ያዝልኝ፣ ሽሮ ሜዳ አብረን እንሄዳለን። ለጣውላው ሥራ የሚመታውን ድሪል እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ መሰላል ከጎረቤት ተዋስ።